አባቴን ከኋላ አስተኝቼ ወደ ፒያሳ

አዲሷን ስቴሽን ዋገን ልሞክር ከቤት የወጣሁት በነሐሴ፣ ጭጋጉ የኮንዶሚኒየሙን ሕንፃዎች እስከ ወገባቸው በሸፈነበት ጠዋት ነው። ሥራዬ ነው። በአንዲት ትንሽ መጽሔት ላይ ስለ መኪና እጽፋለሁ፤ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጡ ሰዎች ደግሞ የዘንድሮዋ ሞዴል ገብታለች፣ አንድ ቀን ይዘሻት ዋዪ ብለውኝ ነበር። በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ አጠር ያለች፣ ጀርባዋ ግን ለዕቃ የተዘረጋ የቤተሰብ መኪና ናት። ለአንባቢዎቼ በሰፊው አስፋልት ሳይሆን በአራዳ ዳገትና ቁልቁለት እፈትናታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አባቴን አልጋበዝኩትም። ጋቢውን ደርቦ ደረጃው ሥር ቆሞ አገኘሁት፤ "እኔም አያታለሁ" አለኝና የጠራሁት ታክሲ ውስጥ ቀድሞኝ ገባ።

አባቴ ጌታነህ ይባላል። ልቡ ታሟል። ሐኪሙ ክረምቱ ሳይወጣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ብሏል፤ ካልሆነ ግን ብዙ ጊዜ እንደማይሰጠው ለእኔ ለብቻዬ ነግሮኛል። አባቴ እሺ አላለም። ቢላዋ ፈርቶ አይደለም። ፒያሳ ያለው ሰፈራችን ፈርሶ የካ አባዶ ከገባን ወዲህ አንድ ሐሳብ ይዞታል፤ ምሳ ላይም ቢሆን፣ ዜና መሃልም ቢሆን ያነሳዋል። "እዚያ አልጋ ላይ ብቀር ማን ይሸኘኛል? እዚህ ሕንፃ ላይ ስሜን የሚያውቅ ሰው አለ?" እኔ አለሁ ስለው፣ "አንቺ ብቻሽን ሬሳ ትሸከሚያለሽ?" ብሎ አፌን ያስይዘኛል። እድሩ በወረቀት አለ፤ ሰዉ ግን አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ኮዬ፣ አንዱ ልጁ ጋር ተበትኗል። አባቴ ቀባሪ የለኝም ብሎ መዳኑን እምቢ ማለቱ ያናድደኝም ያስፈራኝም ነበር።

አብሮኝ የመጣበትን ምክንያት ታክሲው ውስጥ ነገረኝ። ድሮ እሱም አሮጌ ስቴሽን ዋገን ነበረችው። በሰፈራችን ሌላ መኪና ስላልነበረ የአባቴ መኪና የሁሉም ነበረች። ምጥ የያዛት ሴት በእሷ ሐኪም ቤት ትደርሳለች፣ ሙሽራ በእሷ ይወጣል፣ ሰው ሲሞትም የኋላ ወንበሯ ይታጠፍና ሳጥኑ ጫፉ እንኳ ሳይወጣ ይገባል። ቤታችን ሲፈርስ ማቆሚያ አጥቶ ለመለዋወጫ ሸጣት። አሁን ማየት የፈለገው የአዲሷ ጀርባ ሰው ያስተኛ እንደሆነ ነው። አልጋ አለህ አይደል ብዬ ቀለድኩበት። "ለእንቅልፍ አይደለም" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

መገናኛ አካባቢ፣ ከማሳያው አዳራሽ

ሻጩ ከረባት ያሰረ ትሁት ጎልማሳ ነው። የዘንድሮዋን ከአምናዋ የሚለየውን እየዞረ አሳየን። ባትሪዋ አድጓል። የኋላ ጎማዎቹ የራሳቸው ሞተር ስላላቸው በጭቃም በዳገትም አራቱም እኩል ይጎትታሉ። ከመሬት ከፍ ብላለች። አምና ሁሉ ነገር ስክሪኑ ውስጥ ተደብቆ ነጂዎች ስላማረሩ የማሞቂያውና የድምፁ መዘውር ከመሪው ጎን ወዳለው ክሩስኮት ተመልሷል፤ አንዳንዱ ቁልፍ ደግሞ ቦታ ቀይሯል። ፊት ለፊት ድንገት ነገር ከገባባት ራሷ ፍሬን ትይዛለች። ዋጋዋን ሲነግረን አባቴ፣ "ከነሻጩ ነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ በዚህ ስስቅ ሰውየው ስለ ቁልፎቹ መናገሩን ቀጥሎ ነበር፤ ልቤ ግን እሱ ጋ አልነበረም።

አባቴ ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፤ ከዚያ አስነሺያት አለኝ። ተነስታለች አልኩት። ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጥፎ ቆየና ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። "ድምፅ ከሌላት ሰዉ መምጣቷን በምን ያውቃል?" አለ። ሻጩ ይህ ለሰፈር ሰላም ጥሩ ነው ሲል መለሰ።

ስድስት ኪሎና አፍንጮ በር

በአራት ኪሎ በኩል ወጥተን ስድስት ኪሎ ስንደርስ ጭጋጉ ይሳሳል ስንል ጭራሽ ወፈረ። የመኪናዋ መብራት ራሱ በራ። ከውጭ ያለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ እኛ ግን ቤታችን የተቀመጥን ያህል ጸጥ ብለናል። የጎማው ሹክሹክታና የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ይሰማል። አባቴ እንደ ወትሮው መንገዱን አልተቸም፣ ሰልፈኛውን አልተሳደበም። እኔም ሬዲዮ ለመክፈት እጄን ዘርግቼ ተውኩት።

አፍንጮ በር አንዲት ጠባብ ቤት ፉል በላን፤ በዘይትና በቃሪያ የታሸ፣ ትኩስ ዳቦ ያለው። አባቴ ግማሹን ተወ። ሂሳቡ ሲመጣ በዚህ ብር ድሮ ሠርግ ይደገስ ነበር ብሎ አስተናጋጇን አሳቃት። ከዚያ በኮብልስቶኑ ዳገት ሁለቴ ወጥቼ ወረድኩ። ድንጋዩ ረጥቦ ሳሙና ሆኗል፤ ሌላ መኪና ብትሆን ጎማዋን ታሽከረክር ነበር፣ ይህቺ ግን እንደ በቅሎ እግሯን እየመረጠች ወጣች። ይህን ለአንባቢዎቼ በደስታ እጽፋለሁ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ አባቴ አቁሚ አለኝ። ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ፣ ወንበሩን አጠፈ፣ ወለሉን በመዳፉ ዳበሰው። ዘንድሮ ወለሉን ደልዳላ አድርገውታል። ኮቱን አጣጥፎ ትራስ አደረገና ራሱን ወደ እኔ፣ እግሩን ወደ ኋላ በር አድርጎ ተጋደመ። እግሩ መስተዋቱን አልነካም። ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ።

"በቂ ነው" አለ። "አሁን በራስ መኮንን ድልድይ ወደ ቤታችን ንጂ። ከዚያ ሥላሴ። ቀስ ብለሽ።"

ቀበቶ ሳታስር እንዴት ብዬ፣ ትራፊክ ቢይዘንስ አልኩት።

"ሬሳ ነው በይው።"

ሥላሴ ወላጆቹ ያረፉበት ነው፤ እሱም እዚያው ነው የሚፈልገው። ቀልዱን ሰምቼ ልስቅ አልቻልኩም። ምን እያደረገ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የራሱን መንገድ እየለካ ነበር። እምቢ ልል ይገባኝ ነበር። ግን ስንት ወር ሙሉ የጠየቀኝ ነገር ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ ልቡ ያርፍ ይሆናል ብዬ የኋላውን በር ዘጋሁበት። በሩ ራሱ ቀስ ብሎ የሚገጥም ነው፤ ድምፁን አልሰማሁትም።

ራስ መኮንን ድልድይ

ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ውሻ ከጭጋጉ ወጥቶ ከፊቴ ገባ። እግሬ ሳይደርስ መኪናዋ ራሷ ፍሬን ያዘች። አባቴ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ምን ሆንክ ስለው ደህና ነኝ፣ ንጂ አለ። ውሻው አለፈ። የመኪናዋ ሁለቱም ፍሬቻ ግን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ፤ ይህም የዘንድሮ ነው፣ በድንገት ስትቆም ከኋላ ያለውን ለማስጠንቀቅ ራሷ ታበራዋለች። ማጥፊያውን ፈለግሁ። መሪው ሥር የለም፣ ክሩስኮቱ ላይ የለም፣ ስክሪኑን ብነካካ የአየር ሁኔታ አመጣልኝ። ከኋላዬ ሚኒባስ ስለደረሰ መንገድ ላለመዝጋት ቀስ እያልኩ ቀጠልኩ።

አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ የገባኝ ሚኒባሱ ክላክስ ባለማድረጉ ነው። በራስ መኮንን ድልድይ፣ በጠዋት፣ በሰው እርምጃ እየነዳሁ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ዝም ብሎ ይከተለኛል። በስፔኪዮ አየሁት። እሱም መብራቱን አብርቷል፣ ሁለቱንም ፍሬቻ ያበራል። ከእሱ ኋላ ሌላ መኪና አለ፤ ያም እንዲሁ።

ድልድዩ ጋ ሰው ብዙ ነበር። ጫማ የሚሰፉት፣ ካልሲ የዘረጉት፣ ጎመን ይዘው የተቀመጡት። እኛ ስንደርስ መነሳት ጀመሩ። አንዱ ቆቡን አወለቀ። አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን አጥፈው ዝናቡ እየወረደባቸው ቆሙ። ሲጨቃጨቁ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ዝም አሉ። ማንም ወደ እኔ አይመለከትም፤ ሁሉም የሚያዩት የኋላውን መስኮት፣ ነጩን ጋቢ ነው። በአገራችን ሬሳ ሲያልፍ የተቀመጠ ይነሳል፣ መኪና ያለው መብራቱን አብርቶ ይከተላል። እኔ ደግሞ ሳላስበው ሁሉንም አሟልቼላቸዋለሁ፦ መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ ዝግታውን፣ ከኋላ የተጋደመውን ሰው።

ወርጄ አልሞተም እንዳልል አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ከማፈርም በላይ ፈራሁ፤ አልሞተም የሚለው ቃል ራሱ አፌ ላይ ከበደኝ። "አባባ፣ እየተከተሉን ነው" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም።

እትዬ ዘይነባን ያየኋቸው ድልድዩን እንደተሻገርን ነው። ከወሎ መጥተው በሰፈራችን ሲኖሩ አርጅተዋል፤ ከፈረሰው ሁሉ የተረፈችው የክርና የቁልፍ ሱቃቸው አሁንም እዚያ አለች። በር ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን። ነጠላቸውን አወረዱ። ሱቃቸውን ሳይዘጉ መንገድ ገቡና ከሚከተሉን መኪኖች አንዷ ቆማ አሳፈረቻቸው።

ፒያሳ

ዳገቱን የወጣነው በዚህ ሁኔታ ነው። ጭጋጉ ስላለ ከኋላዬ ካለው አራተኛ መኪና ወዲያ አይታየኝም፤ ብልጭታው ብቻ ወደ ታች ይቀጥላል። አንዳች ድምፅ የለም። ድሮ በዚህ መንገድ ስሄድ ካሴት ሻጩ፣ ጆሮ ግንዴ ላይ የሚጮኸው የታክሲ ረዳት፣ የወርቅ ቤቶቹ ጠሪዎች ነበሩ። አሁን ሰፊ አስፋልት፣ የተቆረጠ ሣርና ረጃጅም የመብራት ምሰሶ አለ። ምሰሶዎቹ በቀን በርተዋል። ቤታችን የነበረበት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ አልቻልኩም። አንድ የተረፈ ዛፍ አለ፤ የጎረቤታችን ዛፍ እሱ ይመስለኛል።

ዛፉ ጋ ቆምኩ። ሬሳ ከመቀበሩ በፊት በኖረበት ደጅ ትንሽ ያርፋል፤ ይህን አስቤ ይሁን ደክሞኝ አላውቅም። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ቆሙ። በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ሰማሁ፤ ሰዎች በሣሩ ጠርዝ ቆሙ።

"አባባ።"

የዝናብ መጥረጊያውን አጠፋሁ።

"አባባ፣ ደርሰናል።"

በስፔኪዮ የሚታየኝ የራሱ አናትና የጋቢው ጥለት ብቻ ነው። ዞሬ ልየው አልቻልኩም። ልቡ እንደታመመ አውቃለሁ፤ ፍሬኑ ሲያዝ እንደተንሸራተተ አውቃለሁ፤ ደህና ነኝ፣ ንጂ ካለኝ ወዲህ አንድ ቃል እንዳልተናገረም አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ሳይሆኑ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ እነሱ ያወቁትን እኔ ሳላውቅ ነው የነዳሁት ብዬ አሰብኩ።

መስኮቱ ተንኳኳ። እትዬ ዘይነባ ናቸው። ዝቅ አደረግሁት። ፊታቸው በዝናብም በእንባም ርሷል።

"መቼ ነው ልጄ?" አሉኝ።

የመለሰላቸው አባቴ ነው። ከኋላዬ፣ "ገና ነው ዘይነባ፣ ገና ነው" አለ፤ ቀስ ብሎም ተነስቶ ተቀመጠ።

ከሰዎቹ መሃል አንዱ በስመ አብ ሲል ሰማሁ። ጥቂቶቹ ወደ ኋላ አሉ። እትዬ ዘይነባ አልሸሹም። የኋላውን በር በራሳቸው ከፍተው ትከሻውን ያዙ፣ ክንዱን ጨበጡ፣ ፊቱን ዳበሱ፤ ሙቀቱን ይፈልጉ ነበር። ሲያገኙት በደንብ አለቀሱ።

"አንተ ጌታነህ፣ ሞትም ይለመዳል እንዴ?"

አባቴ ይቅርታ ጠየቃቸው። መኪናዋን እየሞከርኩ ነው ሲል አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ ወደ መኪናው ሄደ። የሚኒባሱ ሾፌር አልሄደም። ከነተሳፋሪዎቹ ነበር የተከተለን። ማን መስዬህ ነው ብሎ አባቴ ጠየቀው።

"አላውቅዎትም" አለ ሾፌሩ። "ብቻዎን ሲሄዱ አየሁዎት። ሬሳ ብቻውን አይሄድም።"

አባቴ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። እንዳለቀሰ አውቃለሁ፤ በሕይወቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መልስ

ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን አሰረ። ፍሬቻውን ያጠፋልኝ ሚኒባስ ነጂው ነው፤ ቁልፉ ዘንድሮ ከራሳችን በላይ፣ ከስፔኪዮው ጎን ተሰቅሏል። እትዬ ዘይነባን ሱቃቸው አድርሰን ወደ ሥላሴ ልዞር ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

"ሥላሴን ተዪው። ዛሬ አይደለም።"

አራት ኪሎን ስናልፍ፣ ለምን አልመለስክልኝም፣ ልቤን አቆምከው እኮ አልኩት፤ ቁጣዬ ያን ጊዜ ነው የመጣው። ተኝቼ በኋላው መስተዋት እያየኋቸው ነበር አለኝ፤ ብናገር የሚጠፉ መስሎኝ ነው አለ። ከዚያ ያያቸውን መጥራት ጀመረ። ጫማ ሰፊውን፣ ከድልድዩ ሥር የነበረውን ጎሚስታ፣ የዳቦ ቤቱን ልጅ። እኔ አንዳቸውንም አላወቅኋቸውም ነበር።

"መጨረሻ ላይ ተካ ነበር" አለ። "በላዳው።"

ተካ የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ የፒያሳ ታክሲ ነጂ ነበር። አምና በክረምት ቀብረነዋል። ዞሬ አየሁት።

"ምን ታዪኛለሽ? አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ" አለ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነው። "መጣ ግን። ለሐኪሙ ደውዪልኝ።"

መኪናዋን ስመልስ ሻጩ ሞባይሉን ከስክሪኑ ጋር አገናኝቶ ጉዞዬን ማየት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። የዘንድሮዋ የፊቱንም የኋላውንም መንገድ በካሜራ ቀርጻ ታስቀምጣለች፤ ለጽሑፌ ይጠቅመኛል ብሎ ነው። ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነበር። በአዳራሹ መስተዋት አባቴን አየሁት። ዝናብ ከማይደርስበት ጥግ ቆሞ በስልክ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል። ሰኞ እመጣለሁ ሲል አፉ ይታየኛል።

አጥፋው አልኩት። ሳያዩት ነው ወይ አለ። ሳላየው አልኩት።

የካ አባዶ

ለአንባቢዎቼ ስለ መኪናዋ የምለው ይህ ነው፤ በዳገት ታማኝ ናት፣ ጀርባዋ ሰፊ ነው፣ ፍሬኗ ንቁ ነው፣ ስትገዟት ግን ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የፍሬቻዋን ማጥፊያ ፈልጉ። ዝምታዋን አልወደድኩትም። ስለ ጉዞው ደግሞ፣ ሰፈር ሲፈርስ ሰው አብሮ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር፤ አባቴም መስሎት ነበር። ቤታችን የቱ ጋ እንደነበረ እንኳ ባላወቅንበት ቦታ ላይ ሰዎቹ ቆመው አየኋቸው። ምን እንዳየ የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኔ በጭጋጉ ውስጥ ከአራተኛዋ መኪና ወዲያ አላየሁም።

አመሻሽ ላይ ደረጃውን እያረፍን ወጣን። በራችን ጋ ስንደርስ ቁልፍ ሳወጣ አባቴ አልጠበቀኝም። ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳ። እዚህ ከገባን ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። አንዲት ሴት የሽንኩርት ቢላዋ እንደያዘች ከፈተች።

"ጌታነህ እባላለሁ" አላት። "ፊት ለፊት ነን። ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ፤ እወቁት ብዬ ነው።"

ሴትየዋ ትንሽ አየችው። ከዚያ ቢላዋውን ወደ ጀርባዋ አደረገች።

"እንዲህ ያለ ነገር ደጅ ላይ አይነገርም አባባ" አለች። "ይግቡ።"

ጋቢውን ለእኔ ሰጠኝና ገባ። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር፤ ከየት ሰፈር እንደመጣን ሲነግራቸው፣ የቤቱ ሰዎችም እየደጋገሙ ሲጠይቁት እሰማለሁ።